ቨርል ስተንሩድ ክፉ ወሬ መንገር የተማረበት ሳምንት

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቨርል ስተንሩድ ከሥራው ሾልኮ ወጥቶ አርዲስ ዳቦ ቤት ገባና ሁለት ደርዘን ዶናት አዘዘ። አርዲስ ካርቶን ልታነሣ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ቁጥሩን ስትሰማ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሁለት ደርዘን? በሥራ ቀን?»

«አዎ፣ እንዲያው ልጆቹን ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።»

«ውይ! ደግሞ ማን ሊባረር ነው?»

«ኧረ ማንም! ምን ትያለሽ አንቺ?»

«ባለፈው ሁለት ደርዘን የገዛህ ጊዜ የከሰዓቱ ፈረቃ ተዘጋ። ከዚያ በፊት አንድ ደርዘን ተኩል ስትገዛ ደግሞ የምሳ ሰዓታቸው አጠረ። እስቲ ንገረኝ፣ ለባሌ አሁን ልደውልለት ወይስ ምሳውን በሰላም ይብላ?» የአርዲስ ባል ቨርል በሚሠራበት የመስኮት ፋብሪካ ሾፌር ነበር።

ቨርል ሒሳቡን ከፍሎ ካርቶኖቹን ታቅፎ ወጣ። በኤልም ላንዲንግ ከተማ እሱን የሚጠላ ሰው አይገኝም። ሃያ ስድስት ዓመት በፋብሪካው ሠርቷል፣ አሥራ ስምንቱን የቀለም ክፍል አለቃ ሆኖ። በረዶ የዋጠውን የጎረቤት መኪና ሳይለምኑት ቆፍሮ ያወጣል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ከደግነቱ የምትመጣ ናት። ክፉ ወሬ ከአፉ እንዲወጣ ስለማይወድ፣ ወሬውን አለሳልሶ፣ አድበስብሶ፣ በዶናት ሸፍኖ ያቀርበውና ሰው አፉ ሞልቶ ሳለ ይሰወራል። ሚኒሶታ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ጨዋ ይሉታል።

ካርቶኖቹን ፒክአፑ ኮፈን ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ከኋላው ተራ ይዛ የነበረች አንዲት ወጣት በሩ ላይ ብቅ አለች። ጥቁር ቦርሳ አንግታለች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል።

«ይቅርታ፣ አባባ። ያ የዶናቱ ነገር የእውነት ነው?»

«አርዲስ ወሬ ታበዛለች።»

«እኔ ካልያ ሙዋ እባላለሁ። ከመስኮት ፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት። አለቆች ለሠራተኞቻቸው ለውጥን እንዴት እንደሚነግሩ አሠለጥናለሁ።»

የቨርል ፊት እንደ ትኩስ ቀለም ቀላ። ልጅቷም አየችው።

«እርስዎ አቶ ስተንሩድ እንዳይሆኑ ብቻ! ሁለት ጊዜ ከሥልጠናው የቀሩት?»

«ጥርስ ሐኪም ቤት ነበርኩ።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም።»

«ቨርል!» አለች አርዲስ ከውስጥ። «ጥርስህን በሙሉ አስነቅለህ ሰው ሠራሽ ካስገባህ ስድስት ዓመትህ እኮ ነው!»

ከዚህ በኋላ ሰው የት ይሸሻል? ካልያ «አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ» ብላ ለመነችው፤ ቨርልም ሰው እንቢ ማለት ስለማይችል ተከትሏት ገባ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ።

ቨርል ከኪሱ አውጥቶ ያሳያት ደብዳቤ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከግሌን የተጻፈ ነበር። የቀለም ክፍሉ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። የቨርል አሥራ ሁለት ሠራተኞች ስድስት ሳምንት ሠልጥነው ወደ መገጣጠሚያው አዳራሽ ይዛወራሉ፤ ሥራም ከአሁኑ አንድ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ። ለመዛወር ፈቃደኛ የሆነ እስከ አርብ ቀትር ይፈርማል። የፈረመው ሰው ከዘጠኝ ካነሰ ግን ሥራው ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል።

«ይሄን እንዴት ሊነግሯቸው አስበው ነበር?» አለች ካልያ።

«ዶናቱን ጠረጴዛ ላይ አደርጋለሁ። ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ ቀለም ግምጃ ቤቱ ውስጥ የምቆጥረው ነገር አለኝ።»

«የሚቆጥሩት ነገር በእርግጥ አለ?»

«ቆርቆሮ መቼም አይጠፋም።»

«አቶ ቨርል፣ አሥራ ሁለት ሰው ኑሮው ሲለወጥ እርስዎ ቆርቆሮ ሊቆጥሩ ነው?»

ቨርል ተቆጣ። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ ይላል። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እኔ ሥራዬ ቀለም ነው፤ ንግግር አይደለም። ሠራተኞቼ ማንበብ ይችላሉ። ክፉ ነገርን ፊት ለፊት መናገር ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰው ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ ሲደርስበት ይሻላል።»

«ካልደረሰበትስ?»

ቨርል የቡና ስኒውን በጣቱ አዞረ። ትዝ ያለውን ነገር መናገር አልፈለገም ነበር፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ስለተቀመጠ ወጣ። «የከሰዓቱ ፈረቃ የተዘጋ ጊዜ እኔ ነበርኩ የምነግራቸው። ‹ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላው ትንሽ ጸጥ ሊል ይችላል› አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ጫጫታ የሌለው አዲስ ማሽን የመጣላቸው መስሏቸው ነው ለካ። ሰኞ ዕለት ሰባት ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ መጣ፤ በሩ ተቆልፏል። የጥር ብርድ ነው እንግዲህ፣ ዐይን የሚያደርቅ። ግማሽ ሰዓት ቆመው አንኳኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሦስቱ አሁን ከወንዙ ማዶ ላለው ፋብሪካ ይሠራሉ። ሰላም ሲሉኝ ወደ ጫማዬ ነው የሚያዩት።» ቨርል ይህን ሲናገር አፈረ፤ ማፈሩም ደግ ነበር።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን እዚህ ላይ ስብከቱን ይጀምር ነበር። ካልያ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተችና ነገሩን የተወችው መሰለች።

«የዘንድሮ ቁራዎች ደህና ናቸው፣ አይደል?» አለች።

«ደህና ናቸው። ክረምቱ ቀለል አለላቸው።»

«የምግብ ፍላጎታቸውም የሚከፋ አይመስልም።»

«በሚያዝያ ይርባቸዋል» አለ ቨርል፣ ወሬው ወደሚያውቀው ነገር በመዞሩ ደስ ብሎት።

«አንዳንድ ሰው እኮ ዕቃውን ኮፈን ላይ ባያስቀምጥ ይመርጥ ይሆናል።»

«እንግዲህ እንደየሰዉ ነው» አላት፤ ቡናውንም ፉት አለ። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነውና ዞረ። አምስት ቁራዎች ፒክአፑ ላይ ሰፍረዋል። የላይኛው ካርቶን ክዳኑ ተገንጥሏል፤ የታችኛው ተገልብጧል። አንደኛው ቁራ ዶናት በምንቃሩ እንደ ቀለበት አጥልቆ መስታወቱ ላይ ይንጎራደዳል።

ቨርል ክንዱን እያወናጨፈ ወጣ፤ ተመልሶ ሲገባ አንድም ደህና ዶናት አልያዘም።

«ስታያቸው ለምን አልነገርሽኝም!»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት እኮ፣ አቶ ቨርል! እንዳይደነግጡ ብዬ ቀስ ብዬ፣ በራስዎ ጊዜ እንዲደርሱበት።»

አርዲስ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቨርል አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን አየ። «እኔም ነግሬያቸው ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «ነግሬያለሁ ብዬ ነበር እኮ ስጽናና የኖርኩት።» ከዚያም ቀና ብሎ «እሺ፤ እንዴት ነው የሚባለው?» አላት።

«ልምምድ ነዋ! ከሠራተኞችዎ መሀል የሚፈሩት ማንን ነው?»

«ሜቪስን። ሠላሳ ዓመት ቀለም ቀብታለች። አንድ ጊዜ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሾፌር አስለቅሳለች።»

«እኔ ሜቪስ ነኝ። ይንገሩኝ።»

ቨርል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሜቪስ… እንደምን ነሽ… በረዶው ከሐይቁ ላይ ወጣ እንዴ?»

«አቶ ቨርል!»

«እሺ፣ እሺ። ሜቪስ፣ እንግዲህ ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ድርጅቱ ከረጅም ጊዜ ዕቅዱ አንጻር የአሠራር ሂደቱን ይበልጥ…»

«ይሄ የማን ቋንቋ ነው?»

«የደብዳቤው።»

«ለሚስትዎ የነገሯት በዚህ ቋንቋ ነው?»

«ለሚስቴማ ገና ምንም አልነገርኳትም።»

ካልያ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ይስሙኝ። እናቴ ክፉ ወሬ ካለ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምትነግረኝ፤ ከዚያ አብራኝ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ታበላኛለች። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። ወሬው መጀመሪያ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ምክንያቱ ቀጥሎ፣ በእርስዎ አፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚገጥመው። ሲቆጡ ደግሞ ከቦታዎ ንቅንቅ አይሉም።»

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቨርል ዐይኑን ጨፍኖ፣ በረዷማ ሐይቅ ውስጥ እንደሚዘል ሰው ትንፋሹን ሳበና «ሜቪስ፣ የቀለም ክፍላችን በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል» አለ። ዐይኑን ሲገልጥ ጣሪያው አልተደረመሰም።

«ለምን?» አለች ካልያ፣ በሜቪስ ቁጣ።

«ምድጃዎቻችን ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ራስሽ ታውቂያለሽ፣ ከሦስት መስኮት አንዱን ደግመን ነው የምንቀባው። ደንበኞች እየሄዱብን ነው። መገጣጠሚያው አዳራሽ የገባው አዲሱ ማሽን እየገጣጠመ ይቀባል፤ ሽታውም ሳንባሽን አይበላውም።»

«ደመወዜስ?»

«አይነካም።»

«አንተስ ምን ትሆናለህ?»

ቨርል ደብዳቤውን እንደገና አገላበጠ። ስለ ራሱ ማንም አልነገረውም ነበር፤ እሱም መጠየቅ ነውር መስሎት አልጠየቀም። «አላውቅም» አለ። «ይኼውልሽ፣ የምፈራው ይሄን ነው። መልስ የሌለው አለቃ ምን አለቃ ነው?»

«አላውቅም ካሉ በኋላ መቼ መልሰው እንደሚነግሯቸው ቀንና ሰዓት ይቁረጡላቸው።»

«በዚያ ሰዓት ካላወቅኩስ?»

«መጥተው ‹እስካሁን አልነገሩኝም› ይላሉ።»

«ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅዎን። ሰው ባዶ እጁን የቆመ አለቃ ይታገሣል፤ የሚያናድደው የጠፋው ነው።»

አራት ሰዓት ላይ ቨርል አሥራ ሁለቱን ሰብስቦ፣ እንዲሰሙት መጀመሪያ ጩኸታሙን የአየር መጭመቂያ ማሽን አጠፋው። ያ ማሽን ሥራ መሀል ጠፍቶ ስለማያውቅ ሁሉም ደነገጡ። ጠረጴዛው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው።

«ዶናቱስ?» አለች ሜቪስ። «አርዲስ ገዛ ብላ ነበር።»

«ቁራ በላው። የቀለም ክፍላችን በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሳመር አያስፈልግም። ሜቪስ ጓንቷን ወለሉ ላይ ወረወረች። አንዱ ወንበር ገፋ። አንዱ «ሠላሳ ዓመት ትንፋሻችንን ከፍለን!» አለ። የቨርል እግሮች በራሳቸው ፈቃድ ወደ ግምጃ ቤቱ መዞር ጀምረው ነበር፤ ግን አስቆማቸው። ምክንያቱን ነገራቸው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ስድስቱ ሳምንት፣ ዘጠኝ ሰው ካልፈረመ ስለሚሆነው ነገር አንድ በአንድ ነገራቸው። አርባ ደቂቃ አፋጠጡት፤ አርባ ደቂቃ ቆመ። የሚገርመው፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ስድቡ ወደ ጥያቄ ተለወጠ። ሰው የሚጠይቀው መልስ አገኛለሁ ብሎ ሲያስብ ነው፤ አለቆች ብዙ ጊዜ ይህን ሳያዩ የሚቀሩት እስከ አሥረኛው ደቂቃ ስለማይቆዩ ነው።

«አንተስ?» አለች ሜቪስ፣ ልክ ካልያ እንዳለችው።

«አላውቅም። ሐሙስ አራት ሰዓት እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ። ካልነገሩኝም መጥቼ አልነገሩኝም እላለሁ።»

ረቡዕ ዕለት ቨርል ወደ ግሌን ቢሮ ገባ። ግሌን ገና ሲያየው ስለ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ።

«ዓሣው ይቆየን ግሌን። ከሰኔ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ?»

ግሌን ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ቨርል፣ አንተ ለዚህ ድርጅት ያደረግከው አስተዋጽኦ በምንም…»

«ግሌን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።»

ሥራ አስኪያጁን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ግድግዳውን እያየ «አለቅነቱ ለብሬንዳ ሆነ፤ ለአንተ መስመሩ ላይ ቦታ አለ፣ ወይም ጡረታ» አለ።

መገጣጠሚያው አዳራሽ የምትሠራው ብሬንዳ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ድሮ ቀለም ክፍል ስትቀጠር ብሩሽ ያስያዛት ቨርል ነው። ጎበዝ መሆኗን ያውቃል፤ ማወቁ ግን ሕመሙን አላስታገሠውም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከየካቲት ጀምሮ። ሐይቁ ላይ ሆነን ነግሬህ ነበር እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«‹ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ቀለል ይለዋል› ብዬህ።»

«ወገብህን ያመመህ መስሎኝ እኮ መድኃኒት ሰጠሁህ!»

«አዎ» አለ ግሌን በሐፍረት፤ «ተቀባሁትም።»

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ማንም ሳይጠራቸው አሥራ ሁለቱም ተሰብስበው ጠበቁት። አንዷ ብቻ፣ ልጇ ዘንድ ወደ አሪዞና ልትሄድ ወስና ስለነበር፣ «እኔ አልፈርምም፤ የቨርልን ጉዳይ ልሰማ ነው የመጣሁት» አለች። የመፈረሚያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስካሁን አንድም ስም አልሰፈረበትም።

«ከሰኔ በኋላ አለቃችሁ አይደለሁም» አለ ቨርል። «አለቃችሁ ብሬንዳ ናት። ለእኔ መስመሩ ላይ ቦታ ሰጥተውኛል፤ ካልፈለግኩ ጡረታ ነው። ከፍቶኛል። አልዋሻችሁም፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብሬንዳ ግን ሥራውን ታውቃለች።»

ከዚያ ሜቪስ እጆቿን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ወደ ፊት መጣችና ብዕሩን አነሣች።

«እኔ አንድ ነገር ልናገር። ድሮ ቢሆን ይሄን ወሬ በአርዲስ በኩል ነበር የምሰማው፤ በንዴት ዛሬ ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። አሁን ግን ማክሰኞ ሰማሁ፣ ማክሰኞ ማታ ከባሌ ጋር ተማከርኩ። ትናንት ያቺ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ልጅ አዲሱን ማሽን አሳየችኝ፤ እውነትም አይሸትም። ይኸው ዛሬ ጭንቅላቴ በቦታው ሆኖ መወሰን እችላለሁ። ጠልቼዋለሁ፤ ግን ገብቶኛል። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የሆነ ነገር ከመሆኑ በፊት ሲገባኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንግዲያው ፈርሚያ» አለ ቨርል፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ።

«ቆይ። አንተስ ምን ወሰንክ?»

«እኔ?… የእኔ ነገር እንግዲህ… ጡረታውም ደግ ነው፣ ዓሣውም…»

«ቨርል!» አለች ሜቪስ፣ ያን የፎርክሊፍት ሾፌር ባስለቀሰው ድምፅ። «ራስህ ወደማትሄድበት ቦታ እኔን ልትልከኝ ነው?»

ሰው ለውጥ ጥሩ ነው ብሎ ሲያስረዳ መዋሉ ቀላል ነው፤ ለውጡ የራሱን ወንበር ሲስብ ነው የሚታየው። ቨርል የወጣቷን ብሬንዳን ትእዛዝ እየሰማ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፎ፣ ሥራ ከድሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲገባ ራሱን አሰበው። አልወደደውም። ከዚያ ፊቱ የቆሙትን አየ፤ እነሱም አልወደዱትም ነበር፣ ግን አንዳቸውም ወደ ጫማው አላዩም።

ብዕሩን ከሜቪስ ተቀበለ።

አርብ ቀትር ላይ ግሌን ወረቀቱን ሲቀበል አሥራ ሁለት ስም ቆጠረ፤ ሥራውም ከኤልም ላንዲንግ ሳይወጣ ቀረ። ወደ ወንዙ ማዶ አንድም ሰው አልሄደም። በሚቀጥለው ወር ሥልጠና ግሌን ራሱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «የእርስዎ ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ማለትን ከካልያ ጋር ተለማመደ፤ አራት ጊዜ ስለ አየሩ ጀምሮ በአምስተኛው ወጣለት። በዚያ በአርቡ የፊርማ ወረቀት ላይ ከስሞቹ ሁሉ በላይ የሰፈረው ቨርል ስተንሩድ የሚለው ሲሆን፣ የሥራ መደብ በሚለው ቦታ ላይ «ሠራተኛ» ብሎ በትልቁ ጽፎበታል።